ለአንጋፋ የአገር ሰው ደብዳቤ ሲጻፍ፦ ምክር መጠየቂያና ውለታ መለመኛ

ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ባለ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ለአራት ዓመት ያህል የአንድ አዛውንት ደብዳቤ ከፋች ነበርኩ። በብዙ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያለፉ፣ ራሳቸው ጡረታ ከወጡ ቆይተው ስማቸው ግን ጡረታ ያልወጣ ሰው ነበሩ። ዓይናቸው ስለ ደከመ ፖስታውን ቀድጄ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፤ መልስ ሲሉኝ እጽፋለሁ፤ ዝም ሲሉ ደብዳቤውን ከመስኮቱ ሥር ባለው ካርቶን ውስጥ አኖራለሁ። ካርቶኑ በየጊዜው ይሞላ ነበር። ይህን መመሪያ የምጽፈው ደብዳቤያቸው ካርቶን ውስጥ ለገባባቸው ሰዎች ነው። የአብዛኞቹ ጉዳይ መጥፎ አልነበረም፤ የጣላቸው አጻጻፋቸው ነው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል። እኔ ያየሁት ግን ከተሻሩ በኋላ ደብዳቤ የሚጎርፍላቸው ሲሾሙ ያልበሉት መሆናቸውን ነው። ወንበር የለቀቀ ሰው ማኅተም የለውም፣ ቲተር የለውም፣ ገቢና ወጪ የሚመዘግብ መዝገብ ቤት የለውም። የቀረው ስሙና የስልክ ደብተሩ ነው። ለአንድ ሰው በደወለ ቁጥር ከስሙ ላይ ቆንጥሮ ይሰጣል። ደብዳቤያችሁ ምን ያህል እንደሚቆነጥር በግልጽ ካልነገራቸው ይፈራሉ፤ ሲፈሩ ደግሞ «እናየዋለን» ይላሉ። «እናየዋለን» ምን ማለት እንደ ሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አላብራራም። እሺታ ሲያገኝ ያየሁት ደብዳቤ ሁልጊዜ እምቢ ለማለትም የማያስቸግረው ነበር። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ወደዚያ የሚያደርስ ነው።

አንደኛ፦ ብዕር ከማንሣታችሁ በፊት ምክር፣ ምልጃና ምስክርነትን ለዩ

ምክር ስትጠይቁ የምትወስዱት ጊዜያቸውን ነው። ምልጃ ስትጠይቁ ስማቸውን ትወስዳላችሁ፤ ለአንድ ኃላፊ ደውለው «ይህችን ልጅ እስቲ ስማት» ካሉ፣ ያ ኃላፊ በተራው አንድ ቀን ሊጠይቃቸው ይችላል። ምስክርነት፣ በቢሮ ቋንቋ የድጋፍ ደብዳቤ የሚባለው፣ ፊርማቸውን ይወስዳል፤ ፊርማ ደግሞ ከባለቤቱ በኋላም ፋይል ውስጥ ይኖራል።

እጅግ የተለመደው ስሕተት ምክር ብሎ ጀምሮ ምልጃ ላይ መጨረስ ነው። ሁለት ገጽ ሙሉ «ከልምድዎ እንድቀስም» ሲል የቆየ ሰው በመጨረሻው አንቀጽ «በነገራችን ላይ እገሌ መሥሪያ ቤት ክፍት የሥራ ቦታ መኖሩን ሰምቻለሁና» ይላል። አዛውንቱ ይህን ሲሰሙ መነጽራቸውን ያወልቁ ነበር። መነጽር ከወለቀ ደብዳቤው አለቀለት ማለት ነው። ውለታ ከፈለጋችሁ ውለታ ነው በሉ። ሁለት ጉዳይ ካላችሁ ሁለት ደብዳቤ ጻፉ፤ ሁለተኛውን ግን የመጀመሪያው መልስ ካገኘ በኋላ።

የማያውቃችሁን ሰው ምስክር ሁነኝ አትበሉ። ይህ የእኛ አገር በሽታ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ሰባ ዓመት ተሻግረው አገራቸውን ወክለው ፓሪስ በነበሩበት ጊዜ፣ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በጦሩ ውስጥ ሹመት ለማግኘት የሚሹ ሰዎች የድጋፍ ደብዳቤ ካልጻፉልን እያሉ መግቢያ መውጫ አሳጥተዋቸው ነበር። እሳቸውም በ1777 እ.ኤ.አ. ለማያውቁት ሰው የሚሰጥ የድጋፍ ደብዳቤ ናሙና አዘጋጁ። ቁም ነገሩ፦ ይህን ይዞ የመጣው ሰው ጻፍልኝ ብሎ አስጨንቆኛል፤ ስለ እሱ የማውቀው የለም፣ ስሙን እንኳ አላውቅም፤ ስለ ጠባዩ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃልና እሱኑ ጠይቁት የሚል ነው። የእኛ ሰው ጨዋታ አዋቂ ባይሆን እንኳ በልቡ የሚጽፈው ይህንኑ ነው።

በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ፣ ጨረታና የፈተና ውጤት በደብዳቤ አይጠየቁም። ምልጃና መማለጃ ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት መሆናቸውን አትርሱ፤ በመካከላቸው ያለው አጥር አጭር ነው፤ ሽማግሌን በዚያ አጥር ላይ ዝለሉ ማለት ነውር ነው።

ሁለተኛ፦ ደጁን ምረጡ

ፒያሳ ቡና ላይ ስማቸው ስለ ተነሣ ብቻ አይጻፍም። ዕድሜያቸውን በውጭ ጉዳይ ሥራ የጨረሱ ሰው ስለ ይዞታ ካርታ የሚያውቁት እናንተ ከምታውቁት አይበልጥም። የት የት እንደ ሠሩ፣ አሁን በየትኛው ማኅበር ወይም ቦርድ ውስጥ እንዳሉ ጠይቁ። የድሮ ጋዜጦችን ማየት ከፈለጋችሁ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ሁላችንም ወመዘክር የምንለው፣ እዚሁ መሐል ከተማ ነው።

ሦስተኛ፦ ስምና ማዕረግ

ስሙ ላይ የተሳሳተ ደብዳቤ ከዚያ በታች ያለው አይነበብለትም። አንድ ቀን የአዛውንቱን ስም በሃሌታው ሀ የጻፈ ሰው ደብዳቤ መጣ፤ እሳቸው ሲፈርሙ በብዙኃኑ ኀ ነው። እርሳስ አምጣ አሉኝና ሁለቱን ፊደላት ራሳቸው አርመው ወረቀቱን መለሱልኝ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ሰው አንድም ቃል አልተናገሩም።

በእነዚህ ሰዎች ትምህርት ቤት ሀ፣ ሐና ኀ አንድ አይደሉም። ንጉሡ ሠ ከእሳቱ ሰ፣ ዐይኑ ዐ ከአልፋው አ፣ ጸሎቱ ጸ ከፀሐዩ ፀ ይለያሉ። ኃይሉ፣ ሥዩም፣ ዓለማየሁ፣ ሐጎስ፣ ጸጋዬ የሚሉት ስሞች በስንት ዓይነት እንደሚጻፉ አስቡ። ፍርዱ የሰዋስው ሳይሆን የባለቤቱ ነው፤ እሳቸው በሚፈርሙበት ፊደል ጻፉ። ከዚህ በፊት የጻፉት ወረቀት ካላገኛችሁ ጸሐፊያቸውን ወይም ልጃቸውን ጠይቁ። መጠየቅ አያሳፍርም።

ማዕረግን በተመለከተ፣ አምባሳደር የተባለ ሰው ጡረታ ቢወጣም አምባሳደር ነው፤ ጄኔራልም ጄኔራል ነው። ሚኒስትር ግን ሹመት እንጂ ማዕረግ ስላልሆነ «ክቡር አቶ እገሌ» ማለት ይበቃል። «ለቀድሞው ሚኒስትር» ብላችሁ አትጻፉ፤ ያለፈ መሆናቸውን ያውቃሉ። «ክቡር ዶክተር» ሲባል ብዙ ሰው የክብር ዶክትሬት ያለው ይመስለዋልና፣ ተምረው ያገኙት ከሆነ «ዶክተር» ብቻ በሉ። ለሴት «ክብርት» ነው፤ «ክቡር ወይዘሮ» የሚል ፖስታ በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ። እንደ ፊታውራሪና ደጃዝማች ያሉት የዘውዱ ዘመን ማዕረጎች ዛሬ በመንግሥት የሚሰጡ ባይሆኑም፣ ቤተሰቡ የሚጠራቸው በዚያ ከሆነ እናንተም በዚያው ጥሩ። በሁሉም ላይ ማዕረጉ የሚያያዘው ከራሳቸው ስም ጋር ነው፤ የውጭ አገር ሰው ይመስል በአባታቸው ስም አትጥሯቸው።

አራተኛ፦ አንቱታው አይንገዳገድ

«እርስዎ እንደምታውቁት» የሚል ሐረግ በየደብዳቤው አለ። «እርስዎ እንደሚያውቁት» ነው። «ክቡርነትዎ» ለሚያነቡት ለራሳቸው ነው፤ «ክቡርነታቸው» ስለ እሳቸው ለሌላ ሰው ሲነገር ነው። ሁለቱን በአንድ አንቀጽ የሚቀላቅል ሰው ከማን ጋር እንደሚነጋገር የጠፋበት ይመስላል። ጋሼ፣ አባባ ማለት የሚያምረው በልጅነታችሁ በዚያ ስም የጠራችኋቸው ከሆነ ብቻ ነው።

ግሱንም ምረጡ። «ይርዱኝ» ትእዛዝ ነው፤ «ቢረዱኝ» ልመና ነው። ከሁሉ የሚከፋው «አሳስባለሁ» ነው። ማሳሰብ የአለቃ ቃል ነው፤ የውስጥ ማስታወሻ እያነበበ ያደገ ሠራተኛ ሳያውቀው ሽማግሌ ላይ ይጠቀምበታል። «እጠይቃለሁ» ወይም «እለምናለሁ» በሉ። ከግርጌው ላይ «ግልባጭ፦ ለ…» የሚል ነገር ከጨመራችሁ ደግሞ ደብዳቤው ክስ ሆነ ማለት ነው።

አምስተኛ፦ ደብዳቤው ራሱ

አንድ ገጽ። ከአንድ ገጽ የሚያልፍ ጉዳይ ካላችሁ ጉዳዩን ገና አላሰባችሁበትም።

ሰላምታው አጭር ይሁን። በወላጆቻችን ዘመን «እኔ ለእርስዎ ሐሳብ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ተብሎ ዘመድ አዝማድ ሁሉ እየተጠራ አንድ ገጽ ያልቅ ነበር። ያ ለእናት የሚጻፍ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የቤተ መንግሥት ደብዳቤዎች፣ «ይድረስ ከ…» ብለው የሚጀምሩት፣ እንዴት ሰንብተሃል፣ እኔ ደህና ነኝ ብለው ወዲያው ወደ ነገሩ ይገባሉ። ጸሐፌ ትእዛዝ የሚባል ሹመት የነበረን ሰዎች ይህን ከእነሱ መማር እንችላለን። የአምላክን ስም ስታነሡ የእሳቸውን ሃይማኖት እወቁ፤ ካላወቃችሁ «ፈጣሪ» ማለት ማንንም አያስቀይምም።

ቀጥሎ ማን እንደ ሆናችሁ በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። እውነተኛ ትውውቅ ካለ፣ አባታችሁ አብረዋቸው ሠርተው ከሆነ፣ አንድ መስመር ስጡት። ዝምድና አትፍጠሩ። ሽማግሌዎች ስልክ ያነሣሉ፣ ያጣራሉ፤ ይህን ለማድረግ በቂ ጊዜ አላቸው።

ማወደስ ካስፈለገ የተወሰነ ነገር አወድሱ። «የአገር ዋርካ፣ የማይነጥፍ የጥበብ ምንጭ» የሚለውን ሳነብ አዛውንቱ «ቀጥል፣ ቀጥል» እያሉ በእጃቸው ያጣድፉኝ ነበር። «በእገሌ ቀን በተናገሩት ውስጥ ይህ ቃል አልረሳኝም» ያለውን ግን ሁለት ጊዜ አስነብበውኛል።

ጥያቄው አንድ ዓረፍተ ነገር ይሁን፤ ሊደረግ የሚችል ነገርም ይሁን። «የበኩልዎን ትብብር እንዲያደርጉልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» ማለት ጥያቄ አይደለም። ምን ዓይነት ትብብር? «ማመልከቻዬ ለኃላፊው መድረስ አለመድረሱን በስልክ ቢጠይቁልኝ» ካላችሁ ሥራው አምስት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ስማቸውም ብዙ እንደማይቆነጠር ወዲያው ይገባቸዋል። በመጨረሻ መውጫ በር ክፈቱላቸው። የሚከተለው ናሙና አንዲት መምህርት ብትጽፍ ብዬ ያዘጋጀሁት ነው።

ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለክቡር አምባሳደር እገሌ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ምክር ስለ መጠየቅ

ክቡር አምባሳደር፣

አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለጤናዎ መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ።

እገሊት እባላለሁ። አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለ12 ዓመት ታሪክ አስተምሬአለሁ። በ1955 ዓ.ም. በአፍሪካ አዳራሽ ስለ ተካሄደው ጉባኤ ባደረጉት ንግግር ስማቸው ስለማይነሣው ጸሐፊዎችና አስተርጓሚዎች የተናገሩትን እስከ ዛሬ ለተማሪዎቼ አነሣላቸዋለሁ።

አሁን ሁለት መንገድ ከፊቴ አለ። ውጭ አገር ሁለተኛ ዲግሪ የምማርበት ዕድል አግኝቻለሁ፤ እስከ ታኅሣሥ 30 መልስ መስጠት አለብኝ። በሌላ በኩል የትምህርት ቤታችንን ታሪክ መጻፍ ጀምሬአለሁ፤ ታሪኩን የሚነግሩኝ አረጋውያን ሁለት ዓመት ይጠብቁኛል ብዬ ለመተማመን አልችልም።

የምጠይቅዎ ይህን ብቻ ነው፦ እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑ የትኛውን ያስቀድሙ ነበር? 20 ደቂቃ ቢሰጡኝ በሚመችዎ ቀንና ቦታ እመጣለሁ፤ በስልክም ቢሆን ይበቃኛል። ባይመችዎ በቅሬታ አልመለከተውም።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
(ፊርማ፣ ሙሉ ስም፣ ስልክ ቁጥር)

«ታኅሣሥ 30» የሚለውን ልብ በሉ። ቀነ ገደብ የሌለው ጥያቄ ሲንከባለል ይኖራል። ሆኖም ቀኑ የእናንተ ጉዳይ ቀን እንጂ እሳቸውን የሚያስገድድ መሆን የለበትም። ወሩ ገና ኅዳር መባቻ መሆኑንም እዩ፤ ቀኑ ነገ ሲደርስ የሚጻፍ ደብዳቤ ምክር መጠየቂያ ሳይሆን ማስጨነቂያ ነው። ደግሞም ልጅቱ የትምህርት ማስረጃዋን አላያያዘችም። አባሪ የሚያስፈልገው ሲጠየቅ ነው።

ስድስተኛ፦ ወረቀቱ

የእጅ ጽሑፋችሁ የሚነበብ ከሆነ በእጅ ጻፉ፤ ካልሆነ በኮምፒውተር ጽፋችሁ ስሙንና ፊርማውን በብዕር አድርጉ። ፊደሉ ትልቅ ይሁን፣ 14 እና ከዚያ በላይ። በኢሜይል ስትልኩ በድሮዎቹ የግዕዝ ፕሮግራሞች የተጻፈ ፋይል ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል፤ በዩኒኮድ ጽፋችሁ በፒዲኤፍ ላኩት። በነጭ ፖስታ ውስጥ ወረቀቱ ቢበዛ ለሦስት ይታጠፍ። በቃ።

ሰባተኛ፦ ማድረስ

በአገራችን ደብዳቤ በተለምዶ የሚሄደው ወደ ፖስታ ሣጥን ቁጥር እንጂ ወደ ቤት በር አይደለም። ቁጥራቸውን ካገኛችሁ ቸርችል ጎዳና ላይ ካለው ዋናው ፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ላኩት፤ ደረሰኙን ያዙ። ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ ፖስታ ያለን ሕዝብ ነን፤ ሆኖም ዛሬም ብዙው ደብዳቤ በሰው እጅ ይሄዳል፣ ይህም ክፉ አይደለም። በሰው እጅ ሲሆን የሚወስደው ሰው የታወቀ ይሁን፤ ለዘበኛ ከሰጣችሁት ስሙን ጠይቁ፣ አመስግኑት፣ ቀኑን መዝግቡ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊትና በምሳ ሰዓት ደጅ አታንኳኩ። እናንተ ራሳችሁ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ሰጥታችሁ ተመለሱ፤ «አንድ ጊዜ ብቻ ላግኛቸው» ብሎ በር ላይ መቆም ደጅ መጥናት ነው፤ ደብዳቤ የተፈጠረው ደግሞ ከደጅ ጥናት እንዲያድነን ነው።

ከደብዳቤው ጋር ምንም ነገር አይሄድም። ውስኪም፣ ማርም፣ የሸማ ስጦታም። በደብዳቤ ላይ የታሰረ ስጦታ እጅ መንሻ ነው፤ ተቀባዩን ባለ ዕዳ ያደርገዋል። በቴሌግራም የሚላክ የሦስት ደቂቃ የድምፅ መልእክትም ይቅርባችሁ።

ቀኑንም ምረጡ። ሁዳዴን በጾምና በጸሎት የሚያሳልፉ፣ በፍልሰታ ቤተ ክርስቲያን የሚውሉ፣ ረመዳንን ከመስጊድ የማይርቁ አዛውንት በዚያ ወቅት ለዓለማዊ ጉዳይ ልብ የላቸውም። በእንቁጣጣሽ ሰሞን ደብዳቤያችሁ ከመልካም ምኞት ካርዶች ሥር ይቀበራል። እኔ ባየሁት ጥቅምትና ኅዳር ጥሩ ወራት ናቸው።

ስምንተኛ፦ መጠበቅ

ሦስት ሳምንት ጠብቁ። ከዚያ አንድ አጭር ማስታወሻ ትጽፋላችሁ፤ «ኅዳር 3 ቀን የጻፍኩት ደብዳቤ ደርሶ እንደ ሆነ ለማወቅ ያህል ነው» ማለት ይበቃል። ሁለተኛ ማስታወሻ የለም።

ከፒያሳ ወደ ለገሀር ስትወርዱ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ቆሟል። ባጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር መልስ ያጣ ደብዳቤ ትዝ ይለኛል። አፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ወዳጅነት ፈልገው ጻፉ፤ ደብዳቤው ለንደን ደርሶ መልስ ሳይሰጠው ተቀመጠ። ንጉሠ ነገሥቱ ተቆጥተው ቆንስል ካሜሮንን አሰሩ፤ ነገሩም በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ አለቀ። እኛ የምናስረው ቆንስል ባይኖርም «ንቀውኝ ነው» ብሎ በየቡና ቤቱ ማውራት አለ፤ ወሬውም ተመልሶ ከእሳቸው ጆሮ ይደርሳል። መልስ ያጣ ደብዳቤ የተናቀ ደብዳቤ አይደለም። እኔ ዘንድ ካርቶን ውስጥ ከገቡት መካከል ሽማግሌው ሊረዱ ፈልገው የሚደውሉለት ሰው ያጡባቸው ጥቂት አልነበሩም፤ የሚያውቋቸው ሹማምንት አንድ በአንድ ተሽረው ወይም ሞተው ነበር። ይህን ለጠያቂው መጻፍ ግን ያሳፍራቸው ነበር።

ዘጠነኛ፦ ከመልሱ በኋላ

መልሱ እሺም ሆነ እምቢ፣ በሳምንቱ ውስጥ አመስግኑ። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ሁሉም ሰው የሚረሳው ነው፦ ጉዳዩ ምን ላይ እንደ ደረሰ ንገሯቸው። ምክራቸውን ሰምታችሁ ተጠቀማችሁ? ጻፉ። ምክራቸውን ትታችሁ በሌላ መንገድ ሄዳችሁ? እሱንም ጻፉ፣ አይቀየሙም። በአራት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ያነበብኩላቸው ሰባት ጊዜ ነው፤ ሰባቱንም ካርቶን ውስጥ አላስገቡኝም፤ በኮታቸው ኪስ ይዘዋቸው ይሄዱ ነበር።

ምናልባት መልስ ሳታገኙ አዛውንቱ ቢያርፉ ለቅሶ ድረሱ፤ ደብዳቤ የጻፈ ሰው ቤተሰብ ነው። ድንኳን ውስጥ ግን ልጆቻቸውን ስለ ደብዳቤው አትጠይቁ። ይህን የማነሣው ሲጠየቁ ስለ ሰማሁ ነው፤ ያውም በሠልስቱ።